ቤታችንን በአይሱዙ ጭነን የሄድን ዕለት

«በሩን አስቀድማችሁ አውጡልኝ። እሱ ከወጣ የሌላውን እችለዋለሁ» አለች እማዬ።

ጥር ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የእንጦጦ ብርድ ገና ከግቢያችን አልወጣም። ጉለሌ ያለው ሰፈራችን ለመንገድ ሥራ እንደሚነሣ ከተነገረን ወራት አልፈዋል፤ የቀረን ሦስት ቀን ነው። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ቤታቸውን ለአፍራሾች ሸጠዋል። አፍራሾቹ ግቢ ይገባሉ፣ ቀና ብለው ጣራውን ያያሉ፣ በሩን አንኳኩተው ዋጋ ይጠራሉ፤ ለቆርቆሮው ይህን ያህል፣ ለእንጨቱ ይህን ያህል፣ ለበርና ለመስኮቱ ይህን ያህል። ጭቃውን የሚቆጥረው የለም። እኛ አልሸጥንም። እማዬ «ቤቴን ይዤው እሄዳለሁ» ካለች በኋላ ሐሳቧን የሚያስለውጥ ሰው አልተገኘም። የምንሄደው ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው፤ የሟቹ አባቴ ታላቅ ወንድም ከግቢያቸው ቆርሰው ወደ ሰጧት ቦታ።

በሩ የዋንዛ ነው። አያቴ ቤቱን በ1954 ዓ.ም. ሲሠሩ ያስጠረቡት፣ ሦስት ሰፋፊ ሳንቃ። አናጢው ማጠፊያዎቹን ፈትቶ ሲያጋድመው ከመቀርቀሪያው በታች ያለው ቦታ በፀሐይ አብረቀረቀ። የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው፣ ጎድጎድ ያለ፣ እንደ ቀንድ የለሰለሰ ቦታ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ሁላችንም እየገፋን የገባነው በዚያ በኩል ነው። እማዬ እጇን አሳረፈችበት፤ ከዚያ ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች።

በጭቃ ቤት ተወልጄ፣ በጭቃ ቤት አድጌ፣ ግድግዳው ውስጡ ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን ሲፈርስ ነው። የሳሎኑን ግድግዳ በዶማ ሲነኩት መጀመሪያ የረገፈው የቀለም ቅርፊት ነበር። ከላይ ወንድሜ ሊያገባ ሲል የቀባነው ክሬም፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ስንት ጊዜ እንደተደራረበ የማይታወቅ ኖራ። ከኖራው ሥር በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ነገር ሲመርቁ የሚያሳይ ፎቶ ግማሹ ቀርቷል። ከጋዜጣው ሥር ጭቃው። ጭቃው ላይ ደግሞ አራት አራት ሆነው የተጋደሙ መስመሮች ከላይ እስከ ታች ሞልተዋል። የጣት መስመሮች ናቸው። መራጊዎቹ የመጀመሪያውን ምርጊት እንደ ጨረሱ ጭቃው ሳይደርቅ በጣታቸው ይጭሩታል፤ ሁለተኛው ልስን ለስላሳ ነገር ላይ አይይዝምና ሸካራ ይተዉለታል። ጣቶቹ የእነማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም።

የኋላው ግድግዳ፣ ከጓዳው ጎን ያለው፣ እንግዳ የማያየው ስለሆነ አዲስ ነገር አልነካውም። እማዬ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ቀይ አፈር፣ ጭድና እበት አቡክታ ክረምቱ የቦረቦረውን እየደፈነች፣ እየለቀለቀች ኖራለች። ከእሷ በፊት እናቷ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እዚያ ጭቃው ሲነሣ የጥድ ቋሚዎቹ ደረቅ ሆነው፣ ቀይ ሆነው ብቅ አሉ። አናጢው የአንዱን ጫፍ በመጋዝ ሲቆርጠው ግቢው አወደ። የሐበሻ ጥድ ነዋ! ስልሳ ዓመት ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ትናንት ከጫካ እንደ ወጣ ይሸታል።

የፊቱን ግድግዳ መጻፍ ይከብደኛል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ብር አጠራቅሜ ግንበኛ ቀጠርኩና በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ቤታችን ግምብ እንዲመስል ፈልጌ ነው። ጎረቤት መርቆኛል፣ እማዬም ደስ ብሏት ነበር። አሁን ሠራተኞቹ በዲጅኖ ጠርዙን ፈንቀል ሲያደርጉት ሲሚንቶው በትልቅ ቁራጭ፣ እንደ ምጣድ አክንባሎ፣ አንድ ላይ ተነሣ። ለካስ ከጭቃው ጋር አልተዋሐደም ነበር፤ በወንፊት ሽቦና በሚስማር ተንጠልጥሎ ነው የቆየው። ከኋላው ያለው ጭቃ እርጥብ ነው፣ ይሸታል። ከጭቃው ውስጥ ያሉት ቋሚዎች በጣት ሲነኳቸው እንደ ቆሎ ዱቄት ይበናሉ። ምስጡ ከውስጥ ጨርሷቸዋል።

ነገሩ በኋላ ሲገባኝ ቀላል ነው። ጭቃ እርጥበት ይቀበላል፣ እርጥበትም ያስወጣል፤ ክረምት የጠጣውን ፀሐይ ሲወጣ ይመልሰዋል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው። ቤቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ያስገባል፣ የገባው ውሃ የሚወጣበትን ፊት ደግሞ ራሱ ዘግቶታል። እርጥበት፣ ጨለማና እንጨት ካገኘ ምስጥ ሌላ ምን ይፈልጋል? ለቤታችን ያደረግኩለት መስሎኝ ያደረግኩበት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣ ሌላ ነገር አለ። በግቢያችን ጥግ ሦስት የተያያዙ ክፍሎች ነበሩ። አያቴ ዋናውን ቤት በሠሩ በዓመቱ፣ ከዚያው ጉድጓድ በወጣ አፈር፣ በእነዚያው መራጊዎች፣ ለኪራይ ብለው ያሠሯቸው ናቸው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ሦስቱ ክፍሎች የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ የምንኖርበት ለእኛ ቀረ። መሐል አጥር ገባ። ኪራዩ በወር በጥቂት ብሮች የሚቆጠር ስለነበር ከእሱ ላይ ተርፎ ቤት የሚጠግን ገንዘብ አልነበረም። ተከራዩ ደግሞ በራሱ እጅ ልጠግን ቢል ፈቃድ ያስፈልገዋል። በመሐለኛው ክፍል ይኖሩ የነበሩ፣ እትዬ እያልን ያደግንባቸው ሴት፣ አንድ ዓመት ከክረምት በኋላ ግድግዳቸው ሲቦረቦር አፈር አስመጥተው አቦኩ። ሊመርጉ ሲሉ ፈቃድ አምጪ ተባሉ። ፈቃዱ ሲጠበቅ የቦካው ጭቃ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ቀዳዳውን በካርቶንና በሸራ ደፈኑት። በሚቀጥለው ክረምት ቀዳዳው ሰፋ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ጎን ጎበጠና በግንድ ተደገፈ።

ስለዚህ «ጭቃ ቤት ዕድሜ የለውም» ሲባል እነዚያ ሦስት ክፍሎች ይመጡብኛል። አፈሩ አንድ፣ እጁ አንድ፣ የተሠሩበት ጊዜ የአንድ ዓመት ልዩነት ነው። አንደኛው በየዓመቱ የሚዳብሰው እጅ ነበረው፤ ሌላውን ግን ሊዳብሰው የፈለገው እጅ ተከለከለ። አዲስ አበባ በጭቃ ላይ የፈረደችው እንዳይነኩ የታሰሩ ቤቶችን እያየች ይመስለኛል። ማሊ ውስጥ ጄኔ በምትባል ከተማ በ1907 እ.ኤ.አ. እንደገና የተሠራ ትልቅ የጭቃ መስጊድ አለ። ዛሬም በዓለም ታላቁ የጭቃ ሕንፃ ይባላል። ያቆመው ሌላ ምሥጢር የለውም፤ የከተማው ሰው በየዓመቱ በበዓል ወጥቶ፣ ወጣቶቹ ጭቃውን ተሸክመው እየሮጡ፣ ከግድግዳው ላይ ወጥተው ይመርጉታል። እማዬ ይህን ስነግራት «ታዲያ ቤት እንዴት ሊኖር ነው?» ነው ያለችው።

በሁለተኛው ቀን እማዬ ከአናጢዎቹ አጠገብ በርጩማ አስቀምጣ ተቀመጠች። ከጎኗ የሚስማር ቆርቆሮ፣ ከፊቷ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በእጇ መዶሻ። አናጢው በጉጠት ነቅሎ የሚጥለውን የተጣመመ ሚስማር አንድ በአንድ ታነሣለች፣ ጉብጠቱን ወደ ላይ አድርጋ ድንጋዩ ላይ ታጋድማለች፣ ሁለት ጊዜ መታ፣ ገልበጥ፣ አንድ ጊዜ መታ። ከዚያ ዓይኗ አጠገብ አድርጋ ቀጥ ማለቱን ታያለች። የበሰበሰውን በግራ፣ የዳነውን በቀኝ። አዲስ ሚስማር እገዛልሽ የለም እንዴ ስላት «የድሮው ሚስማር ወፍራም ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። የጣራው ቆርቆሮም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ በብዛት ከሚሸጠው ስስ ቆርቆሮ ጋር አይወዳደርም። ስናነሣው ሳይታጠፍ፣ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ወረደ።

አይሱዙው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። አፍራሾቹ ያልቆጠሩትን ጭቃ እንኳ ከፊሉን በማዳበሪያ ሞልተን ጫንነው። የደረቀ የድሮ ጭቃ ተፈጭቶ ውሃ ሲጠጣ እንደገና ጭቃ ይሆናል፤ ጭዱም ውስጡ አለ። ሲሚንቶ አንዴ ከያዘ በኋላ ይህን አያደርግም። ጎረቤቶች ቆመው ሲያዩን ስለ ዶርዜ ቤት አሰብኩ። ከአርባ ምንጭ በላይ ጨንቻ አካባቢ ዶርዜዎች በቀርከሃ የሚሸምኑት ቤት አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ምስጡ እግሩን ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል፤ እያጠረ፣ እያጠረ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ይኖራል። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ያነሣውና ተሸክሞት ይሄዳል። ቤት ተሸክሞ መሄድ እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

አጎቴ ጭነቱን ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያ እማዬን «እቴ፣ እዚህ አገር ድንጋይ ሞልቶ እንጨት ከአዲስ አበባ ድረስ ትጭኛለሽ?» አሏት። ልክ ናቸው። በዚያ ደጋ የሰው ቤት የድንጋይ ነው፤ ከመንዝ ጀምሮ ወዲህ የምታዩት ክብ ቤት ድንጋዩን በጭቃ እያያያዙ የገነቡት ነው። የአዲስ አበባ ቤት እንጨት የሆነበት ምክንያት ሌላ ነው። ከተማዋ ገና ልጅ ሳለች ዙሪያዋ ያለውን ጥድና ወይራ ጨርሳ፣ ማገዶ ጠፍቶ፣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። ባህር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ በፍጥነት ማደጉ ነው ያቆያት። እንጦጦን የሸፈነው ባህር ዛፍ የስንቱን ቤት ቋሚና ማገር እንደሆነ ማን ቆጥሮት።

አጎቴና እማዬ ለሁለት ቀን ተከራከሩ። ያስታረቃቸው የእንጨቱ እግር ነው። የባህር ዛፍ ቋሚዎቻችን ከላይ ደህና ናቸው፤ መሬት ውስጥ የነበረው ጫፋቸው ግን እስከ ክንድ ድረስ በስብሷል። ያንን ስንቆርጠው ሁሉም አጠሩ። በአጠረ ቋሚ ቤት ብንሠራ ጣራው ዝቅ ብሎ ራሳችንን ሊነካን ነው። አጎቴ ቆረጣውን ለክተው ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ «የጎደለውን እኔ በድንጋይ እሞላዋለሁ» አሉ። እንደዚያ ሆነ። ከመሬት እስከ ጉልበት የድንጋይ ካብ በጭቃ ተያያዘ፣ ከካቡ ላይ ከድሮው ወለል የወጣው የጥድ አግዳሚ ተጋደመ፣ ቋሚዎቹ ከአግዳሚው ላይ ተተከሉ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ረጃጅሞቹ ጥዶች ካቡን አልፈው መሬት ገቡ። የባህር ዛፉ እግር ከእንግዲህ አፈር አይነካውም። የደጋው ዕውቀትና የከተማው እንጨት እንዲህ ተገጣጠሙ። ከዚያ የተሻለ መፍትሔ ማንም መሐንዲስ ቢያመጣልኝ እጠራጠራለሁ።

አፈሩ አስቸገረን። ሜዳው መረሬ ነው፤ ጥቁር፣ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት የሚከፍት። በእሱ ግድግዳ መምረግ አይሞከርም። መራጊው፣ ጸጥተኛ የሆኑ ሽማግሌ፣ በአህያ ጋሪ ከኮረብታው ወገብ ሦስት ዓይነት አፈር አስመጡ። እኔ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ እያንዳንዱን በውሃ በጥብጬ አስቀመጥኩ፤ አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፣ ደቃቁ ቀስ ብሎ ይከተላል፣ ሸክላው እስከ ማግስቱ ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። የቱ ምን ያህል እንዳለው በዓይን ይነበባል። እሳቸው ደግሞ ከእያንዳንዱ ቆንጠር አድርገው አርጥበው በመዳፋቸው እንደ ገመድ ያድቦለቡሉታል፣ ከዚያ ጣታቸው ላይ ይጠመጥሙታል። ቶሎ የተቆረጠው አሸዋ በዝቶበታል። ሳይሰነጠቅ የተጠመጠመው ሸክላ በዝቶበታል፤ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይነቃል። መሐለኛውን መረጡ። የእኔ ፕላስቲክም በማግስቱ ያንኑ ነው የመረጠው።

ጭዱ ላይ እሳቸው አልተደራደሩም። በዚያ ብርድ ጤፍ አይበቅልም፤ ያለው የገብስ ገለባ ነው። «ገብስ ለመጀመሪያው ምርጊት ይሁን» አሉ፣ «ላዩ ግን የጤፍ ጭድ ካልሆነ እጄን አላነሣም»። የጤፍ ጭድ ቀጭን ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በጭቃው ውስጥ እንደ ጥጥ ይሠራጫል። ጭቃ ሲደርቅ መኮማተሩ አይቀርም፤ ጭድ ከሌለው አንድ ቦታ ላይ ሰፊ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ጭድ ካለው ግን ስንጥቁ በሺህ ተከፋፍሎ ፀጉር የሚያህል ይሆንና ዓይን አያየውም። ጭዱን ከበታች ካለው ቆላማ አገር በገበያ ቀን አስመጣነው።

ከዚያ ማቡካት። ከቤቱ ጎን ሰፊ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ አፈሩና ከጉለሌ በማዳበሪያ የመጣው የድሮ ጭቃ አብሮ ገባ፣ ጭዱ ተነሰነሰ፣ ውሃ ተለቀቀበት። የአጎቴ ልጆችና የጎረቤት ጎረምሶች ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡበት። እኔም ገባሁ። የየካቲት ውሃ እዚያ አገር አጥንት ይነካል። መጀመሪያ አፈሩና ጭዱ ለየብቻ ናቸው፤ እግር ሲረግጠው ይንሸራተታል። በሦስተኛው ቀን ይከብዳል። በሳምንቱ መሽተት ይጀምራል፤ እንደ በረትም እንደ ጠላ ድፍድፍም ያለ ሽታ ነው። ጭዱ ሲበሰብስ የሚለቀው ነገር ጭቃውን ያያይዘዋል። በዐሥራ አምስተኛው ቀን መራጊው ከጉድጓዱ ጫፍ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ አወጡ፣ አድበልብለው ወደ ድንጋዩ ካብ ወረወሩት። ጧ ብሎ ተጣበቀ፤ አልተንሸራተተም። «ደርሷል» አሉ።

ምርጊቱ በደቦ ሆነ። እማዬ ጠላ ጠምቃለች፣ የአጎቴ ሚስት ቆሎና ዳቦ አዘጋጅተዋል። አንድ ሰው ከውጭ፣ አንድ ሰው ከውስጥ፣ ፊት ለፊት ቆመው በማገሩ ቀዳዳ በኩል ጭቃውን ይገፋሉ፤ ሁለቱ ጭቃ መሐል ላይ ሲገናኝ ይያያዛል፣ ማገሩን ይውጠዋል። ለብቻ ከአንድ ወገን ከተመረገ ይረግፋል። ማታ ላይ መራጊው ወደ እኔ ዞረው «በይ እንግዲህ ጣትሽን አሳርፊበት» አሉኝ። አራት ጣቴን ዘርግቼ ከላይ ወደ ታች ጫርኩት። ጭቃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጭዱ ጥፍሬ ሥር ይገባል። ከምሥራቁ ማዕዘን እስከ መስኮቱ ድረስ ያለውን እኔ ነኝ የጫርኩት።

መስኮት ስል፤ አሮጌ ዕቃ ይዞ ቤት የሚሠራ ሰው ነገሩን ከሌላ ጫፍ መጀመር አለበት። በአዲስ ዕቃ ቤት ስትሠሩ ቀዳዳው ይቀድማል፣ መስኮቱ በልኩ ይታዘዛል። እኛ ዘንድ መስኮቱ ቀድሞ አለ፤ ቋሚዎቹ የሚተከሉት በእሱ ልክ ነው። ሁለቱ የሳሎን መስኮቶች ከጉለሌ መጡ። ሦስተኛው በፊቱ ግድግዳ ላይ ስለነበር አልዳነም። ለእሱ ምትክና ለበሩ ማጠፊያ ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ምናለሽ ተራን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ጎማና ጠርሙስ ሁሉ መድረሻው እዚያ ነው። አንድ ልጅ የዘይት በርሜል ክዳኑንና ቂጡን አውጥቶ፣ ጎኑን ሰንጥቆ፣ መሬት ላይ ዘርግቶ በመዶሻ እያስተካከለ ነበር። የምቱ ድምፅ ከዐሥር አቅጣጫ ይመጣል። ሳይጨርስ ጠብቄ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት፤ የግቢ በር። ከጎኑ ካለው ሱቅ ከአንድ ከፈረሰ ቤት የመጣ የጥድ መስኮት፣ መስተዋቱ ሳይሰበር፣ አገኘሁ። የማንን ሳሎን ሲያበራ እንደኖረ አላውቅም። ወደ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ጣራ ላይ ወሰድኩትና አናጢው አንድ ቋሚ በሁለት ጣት ገፋ አድርጎ አስገባው።

ጣራው ላይ ሁላችንም አንድ ሆንን። የጭቃ ጠላት ዝናብ ነው፤ ከዝናብም ሁለት ነገር። አንደኛው በነፋስ እየተገፋ ግድግዳውን የሚመታው፣ ሁለተኛው ከጣራ ወርዶ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን እግር የሚያጥበው ጠፈጠፍ። የኋለኛው ይብሳል። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን፣ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት እየተፈራረቀ ዛሬም ቆሟል። ዋሻ ውስጥ ነዋ ያለው፤ ዝናብ አያገኘውም። ለእኛ ዋሻ ስለሌለን ወራጆቹን አርዝመን ጣራውን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል አሳለፍነው። የድሮው ቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳ በካትራሜ ተደፈነ። ለአሸንዳ የሚሆን ቆርቆሮ አልበቃንም፤ በዚያ ፈንታ ጠፈጠፉ በሚያርፍበት ልክ ዙሪያውን ጠጠር የሞላ ቦይ ቆፈርን። ውሃው ጠጠር ላይ ወድቆ ይሰርጋል እንጂ ጭቃ አይረጭም።

ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር የተወለደው ፍራንሲስ ኬሬ ለመንደሩ የጭቃ ጡብ ትምህርት ቤት ልሥራ ሲል ሰዎቹ ጭቃ ክረምትን አይችልም ብለውት ነበር። እሱም የቆርቆሮውን ጣራ ከግድግዳው ከፍ አድርጎ፣ አስፍቶ አሳለፈው። ትምህርት ቤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. አለቀ፤ ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. በአርክቴክቸር ትልቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ይህን ለመራጊው ሳወራላቸው ጣራው ስንት ክንድ እንዳለፈ ብቻ ጠየቁኝ።

ሁሉም ሰው የጭቃ ቤት ይሥራ አልልም። በአራትና በአምስት ሚሊዮን ሕዝብ ከተማ ፎቅ የግድ ነው፤ ፎቅ ደግሞ ብረትና ኮንክሪት ይፈልጋል። የእሳት አደጋ እውነተኛ ነው፣ የጥድ ደን አልቋል፣ እማዬ ያላት ዓይነት ጊዜና እጅ ሁሉም ዘንድ የለም። ግን በከተማም በገጠርም አንድ ፎቅ የሌለው ቤት ሲሠራ የመጀመሪያ ሐሳባችን ሲሚንቶ የሆነበትን ምክንያት መርምረን አናውቅም። ሲሚንቶ ድንጋዩ ምድጃ ውስጥ እስከ 1,450 ዲግሪ ድረስ እየጋለ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሲጠፋም ዋጋው እንዴት እንደሚሰቀል አይተናል። አፈሩ ከግቢያችን አለ። የሚፈርሰው ቤት እንጨት ለማገዶ ይቸረቸራል። ምን ያህሉ ጥድ፣ ምን ያህሉ ዋንዛ ለአንድ ቀን እንጀራ መጋገሪያ እንደሆነ ሳስብ ያንገበግበኛል። እኛ ሰፈር አፍራሾቹ የሸጡት የወራጅ ክምር ላይ ቆሜ አንዱን ሳሸት እንደ እኛው ጥድ አወደኝ፤ ለማገዶ የገዛችው ሴት ግን ቀድማ በመጥረቢያ ፈልጣዋለች።

ቤቱ ሚያዝያ ማለቂያ ላይ አለቀ። በሩ መጨረሻ ላይ ገባ። እማዬ ከመግባቷ በፊት በዚያችው ጎድጓዳ ቦታ ገፋችው። የመጀመሪያው ሌሊት ውጭው ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት እየመለሰ እንደ ነበር ነገረችኝ፤ ብርድ ልብስ የሚሠራበት ፋብሪካ ያለበት አገር ብርድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ክረምቱን በየሳምንቱ እየደወልኩ አሳለፍኩት። ሐምሌ ላይ በረዶ ጥሎ የምዕራቡን ግድግዳ ማዕዘን ፍቆታል። እግሩ ግን ደረቅ ነው፣ ድንጋዩ ይዞታል፤ ጠጠሩ ውሃውን ይጠጣል። በላይኛው ልስን ላይ ሁለት ስንጥቅ አለ አለች፤ አንዱ ከምናለሽ ተራው መስኮት ጥግ ይነሣል። ሰው ይምጣ እንዴ ብዬ ጠየቅኳት።

«የምን ሰው? መስቀልን እዚህ ዋይ» አለችኝ። «ስትመጪ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ የጤፍ ጭድ ይዘሽ ነይ፤ እዚህ የገብስ ብቻ ነው ያለው።»